አራተኛዋ ቁልፍ ምን ትበል?

ጥቅምት 4

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እሑድ በስልክ «ደኅና ነን» ያልኩህ ግን አባትህ አጠገብ ቆሜ ስለነበር፣ ከዚህ በታች ያለውን ከዚያኛው «ደኅና» ጋር አታምታታው።

ላፕቶፑ ዲዳ ሆኗል። አባትህ ግማሽ ጎኑ ተይዞ አንደበቱ ከተዘጋ በኋላ፣ አንተ ወደ ውጭ ልትሄድ ሰሞን ከኪቦርዱ በላይ ካሉት አራት ሰፋፊ ቁልፎች ለሦስቱ በገዛ ድምፅህ ቃል ሰጥተሃቸው ነበር። የመጀመሪያዋ «አዎ»፣ ሁለተኛዋ «አይ»፣ ሦስተኛዋ «ኑልኝ»። ሦስቱም ጸጥ ብለዋል። ይህን የምዘረዝርልህ ረስተኸዋል ብዬ አይደለም፤ ለጠጋኝ ሁሉንም ከሥሩ መንገር ይሻላል ብዬ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። «አዲስ ማሻሻያ አለ፣ ልጫን?» እያለ ሲለማመጠኝ ሰነበተ። እኔ ደግሞ ደጋግሞ የለመነኝን እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ እሺ አልኩት። ቀጠለና «የማያስፈልጉ አሮጌ ነገሮች ይወገዱ?» አለኝ። ቤት ስትጠርግ የኖረች ሴት እንዲህ ተብላ ትጠየቃለች? ይወገዱ አልኩ። ጠፍቶ ሲበራ መልኩ አምሮበታል፤ ቁልፎቹ ግን ቢጫኗቸው ቢጫኗቸው ትንፍሽ አይሉም። ትንሽ ቆይቶ ኢንተርኔቱም ጠፋ፤ ስለዚህ እንደ ድሮው ከዚያ ሆነህ ገብተህ ልትነካካው አትችልም። የእኔ ስልክ ፎቶ አያነሣም። በስልክ እንዳላስረዳህ መስመሩ የሚይዘው ከአባትህ አልጋ ጎን ካለው መስኮት ሥር ብቻ ነው፤ ጆሮው ደግሞ ካንተም ከእኔም ይበልጣል።

ምን እንደጎደለብን ልንገርህ። ቀደም ሲል ጓሮ ልብስ ሳጥብ «ኑልኝ» ትላለህ፣ አንተ፣ በዚያ ጎርናና ድምፅህ፤ እመጣለሁ። እኔ ባልሰማ እንኳ ከግድግዳው ወዲያ የሚሠራው ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ ብቅ ይላል። አሁን ግን ፊቱን ካላየሁ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም። ስለዚህ ወንበሬን ከአልጋው ትይዩ አድርጌ ፊቱን ሳይ እውላለሁ። እሱም የእኔን ያያል፤ ሌላ ምን ያይ? ሱቅ የምሄደው በሩጫ ነው፤ ባለሱቁ «ማን እያባረረሽ ነው?» ይለኛል።

ብትመጣ ጥሩ ነበር። ካልሆነ ግን ምን እንደማደርግ ጻፍልኝ። ክፉ አይንካህ።

አክስትህ

*

ጥቅምት 22

ለአክስቴ፣ ለእናቴ ምትክ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ የድርጅቱን ኮምፒውተሮች እየጠበቅሁ እውላለሁ። ዝናብ መዝነቡን የማውቀው ሰው ጃንጥላ ይዞ ሲገባ ነው።

ስለ መምጣት ያልሽው ገብቶኛል። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ገና ኢሚግሬሽን እጅ ነው። ሳያልቅ ከወጣሁ ፋይሉ ይዘጋል፤ መመለስ የለም። ሌላ ሥራ ደግሞ እዚያ የለኝም። ይህን አባዬ እንዳይሰማ።

ወደ ላፕቶፑ እንግባ። ላፕቶፑን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም ልብ አለው፤ ከርነል ይሉታል። ማሻሻያ ሲጫን አዲስ ልብ ይገባና አሮጌው ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ላፕቶፑን አጥፊው። ስታበሪው በግራ በኩል ከላይ ጥግ ያለችውን ቁልፍ ደጋግመሽ ንኪ፤ ዝርዝር ይመጣልሻል። ሁለተኛውን መስመር ምረጪ፤ እሱ አሮጌው ነው። «ይወገዱ» ካልሻቸው ውስጥ እንዳይገኝ ብቻ እፈራለሁ።

ሁለተኛ መስመር ከሌለ በተለየ ወረቀት የላክሁልሽን ትዕዛዝ ጻፊ። ቁልፎቹን የሚያዳምጥ ትዕዛዝ ነው፤ እያንዳንዷን ስትጫኛት ቁጥር ይጽፋል። ቁጥር ከወጣ ቁልፏ አልሞተችም። ካልወጣ ግን ከሥሯ ተበላሽታለች፤ ያኔ የሚደረግ ነገር እኔ አላውቅም። እባክሽ አንዲት ነገር እንኳ ሳትቀይሪ እንደተጻፈው ጻፊው።

አባዬን ግንባሩን ሳሚልኝ።

ልጅሽ

*

ኅዳር 8

ለወንድሜ ልጅ፣

ፈጣሪ ከምድር ቤት ያውጣህ።

ሁለተኛ መስመር የለም። ጠርጌዋለሁ።

ትዕዛዝህም አልሠራ አለ። «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይለኛል። ስድስቴ ጻፍኩት፤ ስድስቴም የለም አለኝ። «እንደተጻፈው ጻፊው» ያልከው ትንሽ አናዶኛል። እኔ በሁለቱም ፊደል ስጽፍ ያረጀሁ ታይፒስት ነኝ፤ አለቃዬ ሰነዴን ሳያነብ ነበር የሚፈርመው። ክፍተቱን ክፍተት፣ ነጥቡን ነጥብ፣ አንድ ቁጥርን በትንሿ ኤል፣ ልክ እንደተማርነው አድርጌ ነው የጻፍኩት። ስሕተት ካለ ካንተ ወረቀት ነው።

እዚህ ነገሩ እየከፋ ነው። ትናንት አባትህ ፊቱን ሲያኮማትር ውኃ አመጣሁ፣ አይደለም። ትራሱን አስተካከልኩ፣ አይደለም። መስኮት ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ገለበጥኩት፣ አሸሁት። በመጨረሻ ሁለታችንም ደክሞን ተኮራረፍን። ለካ እግሩ ሥር ብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ኖሯል። «አይ» የምትል አንዲት ቃል ብትኖረው ይህ ሁሉ ለምን ይመጣ ነበር? አንዳንዴ ከሁለታችን የታሰረው የትኛው እንደሆነ ይምታታብኛል።

አንድ ሳልነግርህ የቀረሁት አለ። ከማሻሻያው በፊት ጥይት መጥታ ነበር። የሥራ ጓደኛዬን ታውቃታለህ፤ በእጇ ፍጥነት ነው ጥይት የተባለችው፣ ምላሷ ግን ይብሳል። ከአውቶቡስ ፌርማታው ማዶ የኮምፒውተር ጽሕፈት ማስተማሪያ ከፍታለች። «በሳምንት ሁለት ከሰዓት ብቻ እየመጣሽ አስተምሪልኝ፤ ልጆቹ በሁለት ጣት ነው የሚጽፉት፣ ዓይኔ ደም ሊያነባ ነው» አለችኝ። «ይኸውልሽ ሰውዬው፣ የት ጥዬው ልሂድ?» አልኳት። አባትህ እዚያው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን አራተኛዋን ቁልፍ፣ ምንም ቃል ያልሰጠሃትን፣ የአንቴና ሥዕል ያለባትን መጫን ያዘ። ተሳስቶ መስሎኝ ጣቱን ወደ ሦስቱ እመልስለታለሁ፤ እሱ ተመልሶ እዚያው ነው።

ያኔ ምንም አትሠራም ነበር። ከማሻሻያው በኋላ ግን ሲነካት አጠገቧ ያለችው ትንሽ መብራት ከሰማያዊ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ሰማያዊ ትላለች። ጨዋታ አደረጋት ብዬ፣ ይባስ እንዳትበላሽ መብራቷ ብርቱካን እንዳለች በፕላስተር ሸፈንኳት። አሁን ጥፍሩ ፕላስተሩን ሲፍቅ ይውላል። ድምፁ ራሴን ያዞረኛል።

እስቲ ሌላ ትዕዛዝ ላክ። እግርህን እንቅፋት አይምታው።

አክስትህ

*

ኅዳር 27

ለአክስትዬ፣

እጅ ነሥቻለሁ። ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ «አንድ ቁጥርን በትንሿ ኤል» ላይ ስደርስ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ፤ አለቃዬ በር ከፍቶ አየኝ። አክስትዬ፣ ያንቺ የጽሕፈት መኪና አንድ ቁጥር አልነበረውም። ይህኛው አለው። ከፊደሎቹ በላይ ካሉት ቁጥሮች በግራ የመጀመሪያዋ ናት። ለሰው ዓይን ትንሿ ኤልና አንድ ቁጥር ተመሳሳይ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላና ሌላ ናቸው። በእሷ አድርገሽ ትዕዛዙን እንደገና ጻፊው።

አሁን ስለ ፕላስተሩ። ዛሬውኑ ንቀይው! የአንቴና ሥዕል ያለባት ቁልፍ የኢንተርኔት መዝጊያና መክፈቻ ናት። ድሮ ሲስተሙ አያውቃትም ነበር፤ ማሻሻያው ሦስቱን ሲያስረሳ እሷን አስተዋወቀው። መብራቷ ብርቱካን ሲሆን ኢንተርኔቱ ተዘግቷል ማለት ነው። አባዬ ሲነካት ዘጋ፣ አንቺ ደግሞ እንደተዘጋ አሸግሽው። ሰማያዊ እስክትሆን ተጫኛትና ላፕቶፑን ሳታጠፊ ተዪው። መስመሩ መከፈቱን ካየሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚህ እገባለሁ።

ለአራተኛዋ ቃል ያልሰጠኋት ምን እንደምላት አጥቼ ነበር። ሻንጣዬ በር ላይ ነበር፤ ታክሲውም ይጠብቀኛል። «በኋላ አስብበታለሁ» አልኩና ወጣሁ።

ጤናሽን ጠብቂልኝ።

ልጅሽ

*

ታኅሣሥ 14

ለወንድሜ ልጅ፣

እጅህ ይባረክ፣ ዕድሜህ ይርዘም፣ ወረቀትህንም ቶሎ ይስጡህ።

አንዷን በአንድ ጻፍኩ፤ እሺ አለኝ። የአባትህን ጣት ይዤ ቁልፎቹን በተራ አስነካሁት። የመጀመሪያዋ ቁጥር ጻፈች። ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ጻፉ። አልሞቱም ለካ፣ ሲናገሩ ነው የከረሙት፤ የጠፋው የሚሰማቸው ነው። ቀና ብዬ አባትህን አየሁት፣ እሱም አየኝ።

ቅዳሜ ስትገባ ግን አይተኸን ቢሆን! ማያው ላይ ያለችው ቀስት ብቻዋን ስትንቀሳቀስ አባትህ ዓይኑን አልነቀለባትም። ሰሌዳ ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ፣ ቁጥር ታጠፋለህ፣ ቁጥር ትጽፋለህ። ቁልፎቹ ቁጥራቸው ተቀይሮ ነው፣ አዲሱን ነገርኩላቸው ብለህ ማያው ላይ ጻፍክልን። እሱ ግን ጽሑፉን ትቶ ቀስቷን ነው የሚከተለው፤ አንተ ክፍሉ ውስጥ የምትንጎራደድ ይመስል። ከዚያ ተጫነና «አዎ» አልክ። ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ወዲያ «እልል!» አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል የመጀመሪያዬ ነው። ያን ቀን ያለምንም ጥያቄ አዎ፣ አዎ፣ አዎ ሲል ዋለ።

እኔም በነጋታው ጓሮ ወጥቼ ልብስ አጠብኩ። ፀሐይ ፊቴን ሲነካኝ እንግዳ ነገር ሆነብኝ።

በኢንተርኔት ጻፊልኝ ትለኝ ይሆናል። ላፕቶፑ ያለው እሱ ሆድ ላይ ነው፤ የምጽፈውን ሁሉ ያነብባል። ይህንን ግን እንዲያነብ አልፈልግም፦ አራተኛዋን አሁንም አልተዋትም። ኢንተርኔቱን እንዳይዘጋ ሥራዋን አንሥተህ ባዶ አደረግሃት፤ ባዶዋን ይጫናል። እኔ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሌላ ምን ይሆናል? አንተን ነው የሚለው። «ልጄ ይምጣ» ብለህ ቅዳባት፤ ልቡ ይረፍ። ከዚያ በኋላ መምጣት አለመምጣትህን ከኅሊናህ ጋር ተነጋገር።

አክስትህ

*

ጥር 19

ለአክስቴ፣

እንደምን ከረማችሁ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። የዘገየው መልስ አጥቼ ነው።

«ልጄ ይምጣ» የሚለውን ልቀዳ ሞከርኩ። አፌ እንቢ አለ። በገዛ ድምፄ፣ ቀን ከቀን፣ እኔው ራሴን ልጥራና እኔው ልቅር? ክፍሉ ጠበበኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ደረጃውም ያው ምድር ቤት ነው።

ስለዚህ ወሰንኩ። እንዲህ ከሆነ ወረቀቱን ትቼ እመጣለሁ። ፋይሉ ይዘጋ። ሥራውም ይቅር። ግን አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ከመውጣቴ በፊት ከራሱ ልስማው። አሁን አዎም አይም አለው። አንቺ የገመትሽለትን ሳይሆን እሱ የሚለውን እፈልጋለሁ። ቃል በቃል ጠይቂውና የመለሰልሽን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ሻንጣዬን አውርጄ መልስሽን እየጠበቅሁ ነው።

ልጅሽ

*

የካቲት 6

ለወንድሜ ልጅ፣

ሻንጣህን መልሰህ ስቀል።

ሳልጨምር ሳልቀንስ ብለሃል፤ እነሆ። ጥይት መጥታ ነበር፣ እሷ ባለችበት ጠየቅሁት። «አራተኛዋ ቁልፍ ምን ትበል? ውኃ?» አይ። «ገልብጡኝ?» አይ። «መስኮት? ሬዲዮ? ሐኪም?» አይ፣ አይ፣ አይ። ድምፅህ እየሰለቸው የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ልጄ ይምጣ ነው?» አልኩት። ጣቱን አየር ላይ አቆየው። ያን ያህል ሲቆይ አይቼው አላውቅም። ከዚያ «አይ»። ጣቱ ስቶ ነው ብዬ ደገምኩለት። «አይ።» ዓይኑን እያየሁ ሠለስኩለት፣ «አይ» አለኝ፤ በገዛ ድምፅህ።

ጥይት መቼም አታርፍም። ወንበሯ ላይ ደገፍ ብላ «እንግዲያው ይቺን ሴትዮ ከፊቴ አንሡልኝ ማለትህ ነዋ!» አለችው፣ ለሳቅ።

«አዎ።»

ደነገጥን። «አዎ። አዎ። አዎ።»

ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አልዋሽህም፣ ተናድጄ ነው ያለቀስኩት። አጥቤ፣ አልብሼ፣ ጎርሶ እስኪውጥ ጠብቄ፣ ፊቱን እያየሁ ዓመት ሙሉ ከርሜ፣ አንሡልኝ? ቃል ባገኘበት አፉ መጀመሪያ የሚለው ይህን ነው? ሁለተኛ አላየውም አልኩ። የት ሄጄ እንደማላየው ግን አላውቅም፤ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው።

ጥይት ቀልዷን ትታ ስትጠይቀው በበሩ ይሰማኛል። «ትውጣ ነው የምትለው? ትንሽ አየር ታግኝ?» አዎ። «እኔ ጋ ትሥራ?» አዎ። «አንተስ? ብቻህን አትፈራም?» እዚህ ላይ ዘገየ። አዎ አለ። «ትፈራለህ፣ ግን ትሂድ?» አዎ። ስወጣ በደኅናው ዓይኑ እንባው ወደ ጆሮው እየወረደ ነበር፤ እጁ ፊቱ ድረስ አይነሣለትም፣ ጠረግሁለት። ለካ ያን ቀን ጥይትን «የት ጥዬው ልሂድ?» ስላት ጀምሮ ሲመልስልኝ ነው የከረመው። እኔ ደግሞ በፕላስተር ደፈንኩት።

ና፣ ና እያልኩ የጨቀጨቅሁህም ለእሱ ብቻ ብዬ አልነበረም። እኔ እንድወጣ ነበር። ይህንም አልደብቅህ።

ልብስ ሰፊው «ኑልኝ ሲል እኔ አለሁ፤ ጆሮዬ ከመርፌው ይልቅ እናንተ ቤት ነው» ብሏል። እንግዲህ ለአራተኛዋ ቃል ቅዳልኝ። ወጣት ሳለሁ መጀመሪያ ሥራ ስገባ በር ላይ ቆሜ ስርበተበት አባትህ ምን ይለኝ እንደነበር ስንቴ ነግሬሃለሁ። አንተም ልጅ ሳለህ ትምህርት ቤት ደጅ ላይ ስታለቅስ ብሎሃል። «ሂጂ እንጂ!» በል። እንደ እሱ አድርገህ በለው።

አክስትህ

*

የካቲት 29

ለአክስትዬ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ቀድቼዋለሁ፤ ይህ ሲደርስሽ አራተኛዋ ላይ ታገኚዋለሽ።

ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ስቀዳው ማባረር መሰለ። ሁለተኛው ልመና ሆነ። የአባዬ ግን ሁለቱንም አልነበረም፤ እየሳቀ፣ ትከሻን ገፋ እያደረገ ነበር የሚለው። አለቃዬ በር ከፍቶ ቢያየኝ ግድግዳውን ትከሻ ትከሻውን እየገፋሁ «ሂጂ እንጂ!» እላለሁ። ምን አባቱ ይበል። ያኔ ተሳካልኝ።

«አይ» ማለቱን ሳነብ እፎይ አልኩ፤ እፎይ በማለቴ ደግሞ አፈርኩ። እንዲህ የሚባል ስሜት መኖሩን አላውቅም ነበር። ሻንጣው ተሰቅሏል፣ ወረቀቱ አልመጣም፣ እኔም እዚያው መስኮት የሌለው ክፍል ነኝ። ከሦስታችን አንድ ሰው እንኳ ይውጣ። ወጥተሽ ያየሽውን ጻፊልኝ።

ልጅሽ

*

መጋቢት 17

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ከነፀሐዩ ይድረስህ።

መጀመሪያ ዜና፦ «አዲስ ማሻሻያ አለ፣ ልጫን?» የሚለው ሌባ ትናንት ተመልሶ መጣ። አባትህ ከእኔ ቀድሞ «አይ» አለው። እንዲህ የሳቅንበትን ቀን አላስታውስም።

ዛሬ ከሰዓት የመጀመሪያዬ ነበር። ቀሚሴን ቀየርኩ፣ ደግሞ ቀየርኩ። ውኃውን አቀረብኩ፣ ላፕቶፑን አመቻቸሁ፣ ለልብስ ሰፊው በግድግዳው ነገርኩት። አባትህ አራተኛዋን ተጫነ። አንተ ስትል ደነገጥኩ፤ ልክ እሱን ነው ያስመሰልከው። እሱም ደንግጦ ጣቱን አነሣና አንዴ እኔን አንዴ ቁልፏን ያያል። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

መስኮቱ ሥር ስደርስ እግሬ እምቢ አለኝ። አላፊ አግዳሚው እያየኝ ግድግዳውን በእጄ ተደግፌ ቆምኩ። አሁን «ኑልኝ» ይላል፣ አሁን ይላል እያልኩ ጆሮዬን ጥያለሁ። ይልቅስ እንዲል የፈለግሁ ይመስለኛል። ቢለኝ በሩጫ ነበር የምመለሰው። የልብስ ሰፊው መኪና ብቻ ትንኳኳለች፤ ከውስጥ ምንም የለም።

ለካ ፀሐዩ ከበስተጀርባዬ ኖሯል፤ ጥላዬ መጋረጃው ላይ አርፏል። እሱ ተኝቶ እኔን ያያል።

«ሂጂ እንጂ!»

ዘወር አልኩ። አንድ እርምጃ ተራመድኩና ደግሞ ቆምኩ።

«ሂጂ እንጂ! ሂጂ እንጂ!»

«እሺ፣ ሰማሁ!» አልኩት በመስኮቱ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አባትህ ግን ጥላዬ ከመጋረጃው ላይ እስኪጠፋ አላቆመም። እስከ ፌርማታው ድረስ ድምፅህ ይከተለኝ ነበር።

ይህን የምጽፍልህ ጥይት ጋ፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ልጆቹ ገብተዋል፤ አንድ ቁጥር የቱ ጋ እንዳለች ላሳያቸው ነው።

አክስትህ